የሰርቨሩ ሰዓት

መጀመሪያ የወሰዱብኝ ማሽኔን፣ ኮምፒውተሬን ነው። ወንበሬም የክፍሉም ቁልፍ በኋላ ተከትለው ሄዱ፤ ማሽኔን ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ደብዳቤዎቼን ገልብጬ ሳልጨርስ ነቅለው ወሰዱት። ሥራ አስኪያጃችን በሩ ላይ ቆመው፣ «ካሉን ሁሉ የሚሻለው ያንቺ ነው፤ ለኢሜይሉ ሰርቨር እሱ ይሁን፤ አንቺ አሮጌዋን ትይዣለሽ» አሉኝ። የእሳቸውን ደብዳቤ ስተይብ ጣቴ የጠመመብኝ እኔ፣ ማሽኑ የተሰጠው ትናንት ለመጣች ልጅ! እሺ ጌታዬ አልኩና አሮጌዋን ታቅፌ ጥጌን ያዝኩ።

ቀናሁ። ለሰው ስናገር «እኔ እንኳ ቅናት አልፈጠረብኝም» ነበር የምለው፤ ውሸቴን ነው። አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁት። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ባልኩበት እንኳ ነገሩ ሲታወሰኝ ፊቴ ይግላል።

መሥሪያ ቤታችን ቡና ከገበሬ ተረክቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነበር። ዋናው ቢሮ ጅማ፣ ቅርንጫፎቹ አጋሮ፣ ጌራና ሊሙ ገነት ናቸው። ከቅርንጫፍ ወሬ የሚደርሰን በስልክ እየተጯጯህን ነው፤ ካልሆነም በሾፌር እጅ በሚላክ ፖስታ። ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ከያዘው የሰኞው ደብዳቤ ሐሙስ ይደርሳል። እኔ በደርግ ጊዜ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጥሬ፣ መንግሥት ሲለወጥም እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሁሉም እንደ ፈንጂ ከሩቅ ሲያየው ደፍሬ የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አንዷን ቁልፍ ስነካ ምን እንደሚመጣ እያየሁ፣ እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ ለመድኩት።

ከሁሉ የምኮራበት ቀኑ ነበር። ማሽኑ ደብዳቤ ላይ ቀን በራሱ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን የፈረንጁን ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ «ይህን ቀን የሚያውቀው ማነው? እኛ የምንኖርበትን ጻፊልኝ» ብለው ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መለሱብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ የምትመጣዋን ሰማያዊ ገጽ ከፈትኩና ሰዓቱን እንዳለ ወደ እኛ ለወጥኩት። ዓመቱን በእኛ፣ ወሩን በእኛ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትንም ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የማወጣው ደብዳቤ ሁሉ የእኛን ቀን ይዞ ይወጣ ጀመር። እርግጥ በየወሩ ጫፍ በእጄ ካላስተካከልኩት ይስታል፤ ጥቅምት ሠላሳን አላውቅም ይላል፤ ጳጉሜን ጭራሽ ሰምቶም አያውቅ። ግን እኔ ነበርኩለት። «ያለ አንቺ ይኼ ቢሮ ምን ይሆን ነበር?» ይሉኝ ነበር ሥራ አስኪያጁ። አቤት ደስ ሲል!

ልጅቷ የመጣችው በዘጠና ስድስት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። የአጋሮ ልጅ ናት፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ በዲፕሎማ ወጥታ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። የቅጥር ደብዳቤዋን የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦ የየቅርንጫፉን ኢሜይል የሚቀበለውንና የሚልከውን ሰርቨር እስከ የካቲት ማለቂያ ሥራ ካስጀመረች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላስጀመረች የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ ትሰናበታለች። እሷም አልደበቀችም። «እትዬ፣ ቋሚ ከሆንኩ አባዬን ከስፌት መኪናው አስነሳዋለሁ። ዓይኑ ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ጎረቤት ነው የሚለምነው» አለችኝ። በዚያች ቀን እንኳ አዝኜላታለሁ። ሐዘኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ነው የቆየው።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጡ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ጠረጴዛዬን ደገፍ ብለው ይጫወቱ የነበሩት ሰውዬ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አልፈውኝ ወደ እሷ ክፍል ገቡ። «የኔ ልጅ፣ እንዴት ነው? ምን ጎደለሽ?» የኔ ልጅ! ከበሩ ዞር ሲሉ የሚሽከረከረው ወንበሬ ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ «ይኼ ለእሷ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ነው የምትውለው» አሉ። እኔ ቆሜ ነው እንዴ የምውለው? ልጅቷ ደንግጣ ተነሳች። «አይሆንም፣ እትዬ ይቀመጡበት፣ ማሎ» አለች፤ እባክዎ ማለቷ ነው፤ ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል። እሳቸው በእጃቸው መለሷት፤ «ተቀመጪ አንቺ፤ እሷ የእንጨቱን ወንበር ለምዳዋለች» አሉ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ ብትነጥቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ልትመልስልኝ ስትለምንማ ከነክብሬ ቀበረችኝ።

ደግሞ ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት! ጠዋት ስትገባ ጉንጬን ስማ፣ «ደህና አደሩ እትዬ?» ብላ ነው የምታልፈው። የምትሠራውን እየጠራችኝ ታሳየኛለች። አዲስ አበባ ያለው ቢሯችን በሲዲ የላከላት ያለቀለት ፕሮግራም አይደለም፤ ገና ፕሮግራም ያልሆነ ጽሑፍ ነው። ሶርስ ኮድ ይሉታል። «ለምን ያለቀለትን አልላኩልሽም?» አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር የናቋት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የጠየቅኩት። እሷ ግን ሳቀች። «እትዬ፣ ያለቀለት እንደ ተሰፋ ልብስ ነው፤ አንዱ ይጠበዋል፣ ሌላው ይሰፋዋል። የኛ ስልክ መስመር ደካማ ነው፤ ኢሜይል ለመላክና ለመቀበል በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምንደውለው። ስለዚህ ጨርቁን ነው የላኩልኝ፤ እዚሁ በማሽናችን ልክ ቆርጬ እሰፋዋለሁ።» እኔ ይህን ያህል ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጬ ፕሮግራም እንደሚሰፋ አላውቅም ነበር። ይህችኛዋ ነገር ከወንበሩ ይበልጥ አቃጠለችኝ።

ቆርጦ መስፋቱ እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ ካለበት ገብታ «ሜክ» የምትል አንዲት ቃል ትጽፋለች። ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይሠራል፤ ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር እንግሊዝኛ ይፈስሳል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ አንድ ሰዓት ሆነ፤ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ይፈስሳል። ሊያልቅ ይደርስና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በማግሥቱም እንደዚያው። መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል፤ እንደገና «ሜክ» ትላለች፤ እንደገና ያው። ሲዲው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሌላ አስላከች፤ ያም እንደዚያው ሆነ። ሳምንት አለፈ። በበሩ ሳልፍ አንገቷን ደፍታ ሳያት፣ አፈር ልብላና፣ እሰይ ነበር የምለው።

የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ እንደዚህ አለቀ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ የሚፈረም ወረቀት ይዤ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ስክሪኑን አስቁማው በጣቷ መስመር እየተከተለች ታነባለች። «እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ» አለችኝ። ከጀርባዋ ቆሜ አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ግን ይገባኛል። ይህ ፋይል የተሠራበት ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል። ዝቅ ብሎ፣ ሰዓቱ ልክ አይደለም፤ ሥራው ላይጠናቀቅ ይችላል ይላል።

ክው አልኩ። ያ ሰዓት የኔ የእጅ ሥራ ነው። የማሽኑን ሆድ ጠርገው ሌላ ነገር ሲጭኑበት ሰዓቱን ማንም አልነካውም፤ እሱ የሚኖረው ውስጥ ባለች ቁልፍ በምታክል ባትሪ ነው። የጥሩን ጫፍ ማሽኑ ሠላሳ አንድ እንዳይል፣ ልጅቷ «ይኼን ማሽን አይለቁትም እንዴ እትዬ?» እያለች እየሳቀችብኝ፣ ከልማዴ የተነሳ ገብቼ ያስተካከልኩት እኔው ነበርኩ።

ልጅቷ «ሰዓት ነው የሚለኝ?» አለችና ማሽኑን ቀኑን ጠየቀችው። መለሰላት፤ ቁጥር ብቻ ነው። ወሩ ስድስት፣ ዓመቱ ዘጠና ስድስት፣ ሰዓቱ አራት። ቀና አለች። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ካላንደር የካቲት ዘጠና ስድስት ይላል። እጇ ላይ ያለችውን ሰዓት አየች፤ አራት ሰዓት ነው። «ሰዓቱማ ልክ ነው» አለች።

ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ያንን ቁጥር ባየ ጊዜ ከወንበሩ ይዘል ነበር። ለእሱ ዘጠና ስድስት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ለእኛ ግን ዛሬ ነው፤ ልጅቷ የተወለደችበትን የምትቆጥረው በዚያ፣ ደመወዝ የምትፈርመው በዚያ። ሲዲው ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጁን ሁለት ሺ ሦስት ይዞ ነው የመጣው። ማሽኑ ዛሬ የሚሰፋውን ሁሉ ከጨርቁ በፊት የነበረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ገና አልተሰፋም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ይኼን ሁሉ ያኔ እንዲህ አፍታትቼ አላወቅኩትም፤ ጥፋቱ ሰዓቱ እንደሆነና ሰዓቱን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ግን በዚያች ቅጽበት አወቅኩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «የፈረንጁን አድርጊው» ማለት ብቻ።

አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ከኮሪደር ድምፃቸውን አሰሙ፤ «የኔ ልጅ፣ በርቺ! አንቺን ነው ተስፋ ያደረግነው!» አንቺን። አፌን ዘጋሁ፤ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግሥቱ ፊቷ ገርጥቶ ገባች፤ ልነግራት ስል ሥራ አስኪያጁ የክፍሉን ቁልፍ ከእኔ ተቀብለው ለእሷ ሰጧት፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲያማ መናገሩ ራሱ ከበደኝ፤ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ ምን እላለሁ? ሦስት ቀን አለፈ፤ አምስት ሆነ። በስምንተኛው ቀን ለዙሁር ሶላት ስትሄድ፣ «እትዬ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ በእናንተም ሃይማኖት ቢሆን ይጸልዩልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ እሷ ልጸልይ ስል ስሟን ሳልጠራ ጧፌን አብርቼ ወጣሁ።

የካቲት አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ፣ «የልጅቷን የስንብት ደብዳቤ ጻፊ» አሉ። አሁን ተናገሪ አለኝ ልቤ። አሁን። «ምክንያቱን ምን ልበል?» አልኩ። «ለቦታው የሚያስፈልገው ችሎታ ስለሌላት በይ።» በአሮጌዋ ማሽን ተየብኩት። ችሎታ ስለሌላት የምትለዋን ስጽፍ አንዲት ፊደል አልተሳሳትኩም፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያስደነግጠኝ። ፈረሙበት፤ ማህተም መታሁበት፤ ሰጠኋት።

አነበበችው። አላለቀሰችም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ አጠፈችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣችና ሰጠችኝ። ሰርቨሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋዋለች፤ የሚጻፈው ትእዛዝ በቀይ፣ ትርጉሙ በሰማያዊ። «ሌላ ሰው እስኪመጣ እርስዎ ይሞክሩት እትዬ። እርስዎ ያለ አስተማሪ ነው የለመዱት፤ ከእኔ ይሻላሉ» አለችኝ። ሰድባኝ በሄደች!

ለሁለት ቀን ደብተሩን አልከፈትኩትም። በሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን መልሰው ሰጡኝ፤ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓቱን የፈረንጁን አደረግኩት። ደብተሩን ዘርግቼ በቀይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ተየብኩ፤ «ሜክ» አልኩት። መስመሩ ፈሰሰ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። አበቃ። ከዚያ በደብተሩ መሠረት ጫንኩት፤ ወደ አዲስ አበባ ደወለ፤ አንድ መልእክት ልኬ አንድ ተቀበልኩ።

ቢሮው ጉድ አለ! ሥራ አስኪያጁ አጨበጨቡልኝ። «ዲፕሎማ ያቃተውን አንቺ! እንዴት ቻልሽው?» ሲሉኝ፣ «ትዕግሥት ብቻ ነው» አልኩ። ደመወዝ ተጨመረልኝ፤ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የሚል ደብዳቤ ራሴ ለራሴ ተየብኩ። ያ የፈለግኩት ሁሉ እጄ ገባ። ግን የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀምጬ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈውን ባየሁ ቁጥር፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አሁንም በእሷ እቀና ነበር። እንዲህ አድርጌ ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ግንቦት ላይ ግን አላስችል አለኝ። ቅዳሜ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሬ አጋሮ ወረድኩ። የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ የት እንደሆነ ጠየቅኩ፤ አሳዩኝ። አባቷ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ አጎንብሰዋል። እሷ በአጠገባቸው በሌላ ማሽን ጠርዝ ትመታለች። ገና ሳታየኝ አባቷ አዩኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት ወይ? እርስዎ ነዎት እንዴ! ልጄ እንደ እናት ነበሩልኝ ብላኛለች» አሉና የራሳቸውን ወንበር ለቀቁልኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቷ ሻይ ሊያዙ ሲሄዱ አጠገቧ ቀረሁ። «ኮምፒውተሩስ?» አልኳት። «ተውኩት» አለች። «እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ሰዎች አስተምሪልን ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጭንቅላቴ እንደማይሆን ራሴን አይቻለሁ፤ የሰው ልጅ ለምን አበላሻለሁ?» ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንኳ የለም፤ አምናበታለች።

ያኔ ነገርኳት። ሰዓቱን፣ ዘጠና ስድስትን፣ ደብተሯ ምንም ስህተት እንዳልነበረው፣ በሃያ አምስት ደቂቃ እንዳለቀ። ጨርቁን ለቀቀችው። እያሰላችው ነበር፤ እያንዳንዱ ነገር ሲገጥምላት ፊቷ ላይ አየሁት። ለአንድ አፍታ እንደ መጀመሪያው ቀን ዓይኗ በራ።

«እርስዎ መቼ አወቁት?» አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። «ከሄድሽ በኋላ» ብል ታምነኛለች። «አሥራ አንድ ቀን ሲቀርሽ» አልኳት።

«ካላንደሩን ያየሁ ቀን?»

«አዎ።»

«አጠገቤ ቆመው ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «ወላሂ፣ ማታ ስሰግድ ጭንቅላቴን ክፈትልኝ እያልኩ ነበር የምለምነው» አለች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ከመርፌው ሥር አስገባች። «ለሥራ አስኪያጁስ ነገሯቸው?»

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» አለች፤ ቀና አላለችም። አባቷ ሻዩን ይዘው መጡ፤ ጠጣሁ፤ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ።

ሰኞ ጠዋት ማልጄ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነው የመጣሁት። ሥራ አስኪያጁ ገና ከደጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የኛ ኢንጂነር! እንዴት አደርሽ?» አሉኝ። ሁሉም ከየጠረጴዛው ዞሮ አየኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?» አልኳቸውና ለአጋሮ ቅርንጫፍ የኢሜይል አድራሻ ልከፍት ተቀመጥኩ።